ደረቅ ጫማ

ጳጳሱ በማን ጀርባ ላይ እንዳለ ያሰበው ወንዙ መሀል ሲደርሱ ነበር። የተሸከመው ሪዋይ ነው፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ማኦሪ፣ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ መንደሩን ሲያስተምርና ሲቀብር የኖረ ሰባኪ። ቅስናን ግን ጳጳሱ ግሪክኛ አታነብም ብሎ ሦስት ጊዜ ከልክሎታል። አራተኛው እምቢታ በደብዳቤ ተጽፎ በጳጳሱ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት ሊነግረው ስላልደፈረ፣ ማዶ ሲሻገሩ አስጨብጦት ሊሄድ አስቧል።

«አባታችን፣ አንገቴን ላላ ያድርጉልኝ እንጂ! እኔን ካነቁኝ ማን ያሻግርዎታል?»

ማዶ ቆመው የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። «ሪዋይ፣ እንዳትጥለው!» አለች አንዷ። «ጳጳስ አስምጦ ገነት የገባ የለም!»

«ብጥለውም አይሰምጥም፤ ኮቱ ያንሳፍፈዋል!»

ውሃው የሽማግሌው ደረት ላይ ደረሰ። ቆም ብሎ ጳጳሱን ወደ ትከሻው ከፍ አደረገውና ሴቶቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺን ደብዳቤ አውጥተው ከፍ አድርገው ይያዟት። ከጠዋት ጀምሮ ኪስዎን ሲዳብሱ አይቻለሁ። ከረጠበች፣ ያንኑ እምቢታ እንደገና ሊጽፉ ነው።»

 የጳጳሱ ፊት እሳት እንደነካው ጋለ፤ እጁ ግን ታዞ ደብዳቤዋን ወደ ላይ ያዘ።

ማዶ ሲያወርደው ጫማውን ጠብታ ውሃ አልነካውም። ሽማግሌው ልብሱን እንኳ ሳይጨምቅ ወደ ወንዙ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለ ጳጳሱ፣ ደብዳቤዋን እንደያዘ።

«ሳጥንዎን ላምጣ እንጂ። የግሪክኛ መጻሕፍትዎ እዚያ ቀሩ።»