ለሚስቱ ያስቀመጠው ጣውላ

አናጢው ችፑዱን እስከ ግማሹ እንደቆረጠ ሚስቱ ከወዲያ ግድግዳውን መታች። ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ክፍል ከተኛች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ልቧ ደክሞ፣ ትራስ ካልተደገፈች ትንፋሽ ያጥራታል። መጋዙን አስቀምጦ ገባ።

"ሳጥኑ ለማን ነው?"

"ለጎረቤታችን ለተሸካሚው ልጅ። ለትንሿ።"

ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። ትንሿ በየማለዳው በመስኮቱ ብቅ እያለች "እትዬ፣ ዛሬም አልተነሱም እንዴ?" የምትላት ነበረች።

"እና በችፑድ ልትቀብራት? ድምፁን አውቀዋለሁ እኮ! ይሄ ዝናብ ሲነካው እንደ ዳቦ የሚያብጠውን?"

"ሌላ እንጨት የለኝማ።"

"አለህ እንጂ።"

አለው። ጣሪያው ሥር በሸራ የተጠቀለለ የጥድ ጣውላ። ሐኪሙ ቁርጡን የነገራቸው ቀን "ዕድሜዬን ሙሉ በሚወዛወዝ ወንበር አስቀመጥከኝ፤ ስሞት እንኳ ደህና ዕቃ ሥራልኝ" ብላ ቀልዳበት አብሯት ሳቀ፤ ጓሮ ዞሮ ደግሞ አለቀሰ። በማግስቱ የኤሌክትሪክ መጋዙን ሸጦ ጣውላውን ገዛ።

"እሱ ያንቺ ነው። ማንም አይነካውም።"

"የኔ ከሆነ ሰጥቻለሁ። ጌታ እንኳ የተቀበረው በሰው መቃብር ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ? ለኔ ችፑዱ ይበቃኛል።" ዓይኗን ጨፈነች። ነገር ስትጨርስ እንዲህ ናት።

አናጢው በልቡ እግዜርን ተቀየመ። ያለቻትን አንዲት ነገር ደግሞ ከእሷ ላይ ይውሰድ!

ሲወጣ ተሸካሚው ደጃፉ ላይ ቆሟል። አናጢው ለልክ ብሎ ሐዘን ቤት አይገባም፤ ቤተሰብ በሲባጎ ለክቶ ያመጣለታል። የዕድሜ ልክ ደንቡ ነው። ሲባጎውን ተቀብሎ ዘረጋው።

"ተበጥሶብሃል መሰለኝ። ቀሪው የታለ?"

"ይኸው ነው ጋሼ" አለ ሰውየው። "ሙሉው ነው።"

አናጢው ልጅቷን የሚያውቃት በመስኮቱ ቁመት ነበር። ከመስኮቱ ሥር የከመረው ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ትቆም እንደነበር አሁን ገባው።  መሰላሉን አቁሞ ጥዱን አወረደ።

ሠርቶ ሲጨርስ ተመልሶ ገባ። ሚስቱ ፍራሹ ላይ ዝርግት ብላ ተኝታ ታቃስታለች፤ ትራሱን ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች።

"ምን ሆነሻል? ምነው አወጣሽው?"

"እንጨት ይጎረብጣታል" አለች፣ በቃል በቃሉ መሃል እየተነፈሰች። "ከሥሯ... አድርጉላት።"

"አንቺስ? በምን ልትተነፍሺ ነው?"

"አንተ አለህ አይደል?"

ትራሱን ወስዶ ለተሸካሚው ሰጠው። ሰውየው ትራሱን ተቀብሎ ፊቱን ቀበረበት። አናጢው ሊያጽናናው እንኳ ሳይቆም ሚስቱ ጋ ሮጠ።

ከኋላዋ ገብቶ ተቀመጠ፣ ቀና አድርጎ ደረቱ ላይ አስደገፋት፣ ክንዱን ከአንገቷ ሥር አስገባ። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀስተኛው በመስኮቱ ሥር አለፈ፤ የጥዱ ሽታም አብሮ አለፈ።

"ጥሩ እንጨት ነበር አይደል?" አለችው።

"ጥሩ ነበር።"

ክንዱ ደነዘዘ። አላነቃነቀውም።