ሶፋውን የተሸከመው ረጅም ሰውዬ ማን ነበር?

«አንተ ረጅሙ! ቆመህ ታየናለህ እንዴ? ና በዚህ በኩል ያዝ!»

እትዬ ሸዋረጋ ጮኹ…

ሰውዬው አፉን ሊከፍት ሲል የሶፋው ጫፍ ትከሻው ላይ አረፈ።

«እሺ እትዬ» አለና ደረጃውን ወጣ።

ጊዜው በፈረንጆች 1984 ነው… ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት።

አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ከሱዳን ይገባል ተብሎ፣ ሀበሻው ቤት ሊያዘጋጅለት ተሰብስቧል።

እትዬ ሸዋረጋ ኦርቶዶክሶቹን ይዘው መጥተዋል።

ዳኜ የሚባል ታክሲ ነጂ ደግሞ ጴንጤዎቹን።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ወገኖች እስከዚያ ቀን ሰላምታቸው እንኳ ከሩቅ ነበር…

ረጅሙ ሰውዬ ግን ጉድ ነው!

ሶፋውን አስገባ… ፍሪጁን በጀርባው አዘለ… አልጋውን ገጣጠመ።

አብራው የመጣችው ሴትም ልጇን ጥግ ላይ አስተኝታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ የኩሽናውን ወለል መፈግፈግ ጀመረች።

እትዬ ሸዋረጋ በልባቸው «እነዚህ ጴንጤዎች ለካ ሥራ ይችላሉ!» አሉ።

ጴንጤዎቹ ደግሞ «እትዬ ሸዋረጋ እነዚህን ጎበዞች ከየት አመጧቸው?» ተባባሉ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል… እንግዶቹን ሊቀበል ኤርፖርት የሄደው ዳኜ ታክሲውን በወጉ ፓርክ ሳያደርግ ሮጦ ገባ።

ብቻውን ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የሉም!»

«ምን ማለት ነው የሉም?»

«አውሮፕላኑ ቀድሞ ገብቷል። ኤርፖርቱን አካለልኩት፣ የሉም! ቋንቋ አያውቁ፣ ሰው አያውቁ፣ ሕፃን ይዘዋል… በዚህ ከተማ የት ብዬ ልፈልጋቸው?»



እትዬ ሸዋረጋ አማተቡ። ጴንጤዎቹ ጸሎት ጀመሩ።

ከሁሉም የባሰበት ግን ረጅሙ ሰውዬ ነበር። መጥረጊያውን ጥሎ ብድግ አለ።

«ታዲያ ምን ቆመን እናያለን? ሕፃን ይዘው እኮ ነው! ና ውጣ፣ አብሬህ እፈልጋለሁ። ስማቸው ማነው?»

«ዘለቀ። ሚስቱ ሥርጉት።»

ሰውዬው ወደ ኩሽናው ዞረ…

ሴትየዋ ጨርቋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች።

«ዘለቀማ… እኔ ነኝ» አለ ረጅሙ ሰውዬ።

አቤት የዚያን ቀን ሳቅ!

ለካ ኤርፖርት የሚቀበላቸው ሲያጡ አንድ ደግ ሀበሻ «ወገን ፌርፋክስ አይጠፋም» ብሎ በመኪናው አምጥቶ እዚያው መንገድ ላይ አውርዷቸው ነበር። ሀበሾች ዕቃ ሲያወርዱ አይተው ሊጠይቁ ሲጠጉ ነው ሶፋው የመጣው…

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም ልጄ!» አሉ እትዬ ሸዋረጋ፣ እየሳቁም እያፈሩም።

«መቼ አስነገሩኝ እትዬ! እኔማ እርስዎ ቤት እየቀየሩ መስሎኝ… እናግዛቸውና ከዚያ ማደሪያ እንጠይቃቸዋለን ብዬ ነው።»

ቁልፉን እጁ ላይ አኖሩለት።

«በል… ቤትህ ነው።»

ዘለቀ የሚያብረቀርቀውን ወለል አየና ሳቀ።

«የራሴ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እንዲህ አላጸዳውም ነበር!»

የዚያን ቀን ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እዚያው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ትሪ ከበበ።

ወዳጆቼ… አዲስ የመጣ ሰው ባዶ እጁን የመጣ አይምሰላችሁ። የማን ወገን ነው ብላችሁም አትጨነቁ። የሸክሙን ጫፍ ያዙለት፤ እሱም ጫፉን ይይዝላችኋል።

እስቲ እናንተስ… አዲስ አገር ወይም አዲስ ሰፈር ስትገቡ መጀመሪያ እጁን የዘረጋላችሁ ሰው ማን ነበር? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉት… ምናልባት እሱም ያነበው ይሆናል!