ብርሃን ቆጣሪው

«ይህ በር ሲከፈት ሰውየው ውስጥ ከሌለ፣ በእሱ ፈንታ የምትገባው አንተ ነህ» አለ ጓድ አምሐ።

ዳኘው ጠመንጃውን ተቀበለ። ዘመኑ ሰባ ስምንት፣ ወሩ ግንቦት ነበር። ባሕር ዳር በሙቀት ትንፋሽ አጥሯታል።

ዳኘው ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ጥሎ አውቶቡስ ተራ ያደገ ልጅ ነው። «መራዊ! መራዊ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ባዶ አውቶቡስ ይሞላ ነበር። አፈሳ ያዘውና ወደ ሰሜን ሊጫን ሲል፣ ጓድ አምሐ «ይህ ምላሱ ሰይጣን ያሳምናል፤ ለጥበቃ ይሁነኝ» ብሎ ከመኪናው አወረደው። ከዚህ በር ከተነሣ ወይ ጦር ግንባር ነው ወይ ጉድጓድ።

የሚጠብቀው መምህር አንዳርጋቸውን ነበር። ባሕር ማዶ ፊዚክስ ተምሮ የመጣ፣ ፀረ አብዮት ተብሎ የታሰረ ሰው። ከወኅኒ ያወጣው አንድ ቃል ነው።

«ወሬን በአንዲት የብርሃን ቅንጣት ጭኖ መላክ ይቻላል» አለ ለጓድ አምሐ። «ጠላት መንገድ ላይ ሰርቆ ቢያያት፣ ማየቱ ራሱ ይለውጣታል። ሌባው ወዲያው ይታወቃል።»

ጓድ አምሐ ሹመት ሸተተው። ሐይቁ ዳር ያለውን አሮጌ የዓሣ መጋዘን፣ መስኮት የሌለውን፣ ሰጠው። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ሊያዩለት ነው።

መምህሩ ዕቃውን ሲተክል ለዳኘው አሳየው። ጭብጥ የምታህል የመስታወት ቱቦ ናት። ብርሃንን እንደ ጤፍ ፍሬ እየነጠለች ትቆጥራለች፤ አንዲት ፍሬ ባረፈችባት ቁጥር ድምፅ ማጉያው «ጠቅ» ይላል።

«የቀን ብርሃን ከገባባት አለቀላት። ከሶቪየት የመጣች ናት፤ ምትክ የላትም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ በድቅድቅ ጨለማ ምን ትቆጥራለች?»

«የእናንተ አገር ሙቀት ሲነካት ብቻዋንም ትለፈልፋለች፤ እንደ አንተ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ምግብ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በዳኘው እጅ ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው ለመግባት አልደፈረም፤ ቱቦዋ ብትቃጠል ማን እንደሚጠየቅበት ሁሉም ያውቃል።

ጓድ አምሐ በየቀኑ እየመጣ ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። «ይሠራል» ይላል። አንድ ቀን ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «እንግዶቹ ካዩለት በኋላ፣ ሠራም አልሠራም እርምጃ ይወሰድበታል። ሰምተሃል?» አለው።

«ሰምቻለሁ፣ ጓድ።»

ዳኘው ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

የመምህሩ ሚስት የሺመቤት ማታ ማታ ምግብ ታመጣለች። «ሚስቲቱን ጠበቅ አድርገህ ፈትሽ» ብሏል ጓድ አምሐ፤ «ሴት ወጥ ውስጥ ሞረድ ትደብቃለች።» ዳኘውም እንጀራውን እየገለጠ፣ ወጡን በጣቱ እያማሰለ ይፈትሻል።

«የትናንቱ ሽሮ ጨው በዝቶበታል፣ እትዬ።»

«ዛሬ ቀንሻለሁ፣ ወንድሜ።»

«አንተ ሆዳም!» አለ ጓድ አምሐ። «ሰሞኑን ቀበቶህ አልደርስ ያለህ ለካ የእስረኛ ቀለብ እየበላህ ነው?»

«መርዝ እንዳይኖርበት እየቀመስሁ ነው፣ ጓድ።»

ጓድ አምሐ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከሴቲቱ አልተነቀለም። በሩን ቀና ብላ አታይም። የምታየው ሐይቁን፣ በጎርጎራ በኩል ነው።

«ይቺ ሴት ታንኳ የምትጠብቅ ትመስላለች። ዓይንህን ከውኃው እንዳታነሣ።»

«ተነሥቶም አያውቅ፣ ጓድ።»

የእንግዶቹ መምጫ ዋዜማ፣ ጓድ አምሐ ጆሮውን እንደለጠፈ ጠቅታው ድንገት ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«መብራት ሄዶ ነው፣ ጓድ።»

«መምህር!» ጓድ አምሐ በሩን ደበደበ። «አንዳርጋቸው! አለህ?»

የሐይቁ ውኃ ድንጋዩን ሲልስ ብቻ ይሰማል። የዳኘው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

ጓድ አምሐ የውስጡን ጨለማ ሊያይበት ክብሪት ጫረ። «ክፈት!»

ዳኘው በጀርባው በሩን ደገፈ። «ይከፈት ካሉ እከፍታለሁ፣ ጓድ። ነገር ግን ቱቦዋ ብትቃጠል፣ ለእንግዶቹ ያስከፈቱኝ እርስዎ ነዎት ብዬ ነው የምናገር።»

ክብሪቱ የጓድ አምሐን ጣት ለበለበው። ተራግሞ ጣለው። በሩን ሊረግጥ እግሩን ሲያነሣ፣ መብራት መጣ።

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ።

«አለ» አለ ጓድ አምሐ ተንፍሶ።

ዳኘው መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ የሺመቤት መጣች፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እጇ ባዶ ነው። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል።

«ከእንግዲህ ምግብ አላመጣም፣ ወንድሜ። ወደ ዘመዶቼ መሄዴ ነው።»

«እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ» አላት ዳኘው።

«ገብቷታል» አለ ጓድ አምሐ፣ ፈገግ ብሎ። ለእንግዶቹ ልብሱን ሊያስተኩስ ወደ ከተማ ሄደ።

ዳኘው ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ቆጣሪዋ አንዴ ጮኻ ጸጥ አለች።

ፀሐይዋ አቧራ የለበሰውን የመምህሩን ባዶ ወንበር እያበራችለት፣ ዳኘው ከወንበሩ ጀርባ የደበቀውን የታንኳ መቅዘፊያ አነሣ።