ጾመዋል?

የስኳሩ መሳቢያ ከተቆለፈ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በየቤቱ ያለው መርማሪ መሣሪያ ጠዋት ጠዋት ጣት ነክቶ ደም ያነብባል፤ አንድ ሰው የስኳር በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም ካለ መሳቢያውን ለቤተሰቡ ሁሉ ይቆልፋል። የወይዘሮ ትርንጎ የጠዋት የስኳር ልክ 150 ነው፤ የሦስት ወሩ አማካይ ግን ደህና። ሁለቱ አልገጥም ብለዋቸዋል። ባለቤታቸው አቶ ደምመላሽ መራራውን ሻይ እየለመዱት ነው።

«ጾመዋል?» አለ መርማሪው ዛሬም።

«አዎ» ሊሉ ሲሉ ትርንጎ የገመሱትን ዳቦ እጃቸው ላይ አዩት። ሁዳዴ ነውና ሥጋና ወተት ትተዋል፤ ቁርስ ግን አልተዉም።

«ባዶ ሆድ ማለትህ ነው እንዴ? እንደሱ አትልም ታዲያ።»

በማግስቱ ምንም ሳይቀምሱ ጣታቸውን ሰጡ፤ 88። መሳቢያው ተከፈተ። ለባላቸው ሻይ ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩላቸው።

አቶ ደምመላሽ ፉት አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ትርንጎ፣ ሻዩን ምን ነካው?»