አራተኛው ገመድ

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድም ገመድ እንደማይታይ ባልየው ጉሮሮውን ጠርጎ ለሚስቱና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው በይፋ አሳወቀ። ሚስቱ ሶፋው ላይ ሆና መቁጠር ያዘች። የቴሌቪዥኑ አንድ፣ ከሥሩ የተሰቀለው የድምፅ ማጉያው፣ የሳውንድ ባሩ፣ ሁለት፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ሦስት። ግድግዳው ውስጥ ወደተቀበረው ቱቦ የገቡት ግን አራት ነበሩ።

«አራተኛው የምንድን ነው?» አለችው ሠራተኛውን።

«እሱን እንኳ ጋሼን ይጠይቋቸው፣ እትዬ» አለና መሰላሉን አጥፎ ሹልክ አለ።

ባልየው ሊሸኘው ሲወጣ ተንበርክካ ቀጭኗን ጥቁር ገመድ ተከተለቻት። ገመዷ ከግድግዳው ግርጌ ወጥታ፣ በምንጣፉ ሥር አልፋ፣ ከባሏ ወንበር ትራስ ሥር ገባች። ትራሱን ስታነሳው የጆሮ ማዳመጫ አገኘች። ጆሮዋ ላይ ብትደፋው፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ኖሮ፣ የዜና አንባቢው ጩኸት ጭንቅላቷን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ደንግጣ ወደ አንገቷ አወረደችው።

ዓመት ሙሉ ለእህቷ በስልክ «ይሄ ሰውዬ ንቆኛል፤ ስናገር አይሰማኝም» ስትል ከርማለች። ያ «አይሰማኝም» የጆሮ ጉዳይ ይሆናል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም። ስንት ኩርፊያ፣ ስንት ጀርባ ተሰጣጥቶ መተኛት በከንቱ ሄደ!

ባልየው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ሲያየው ፊቱ ቀላ። እሷም ፊት ለፊቱ ሄዳ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፣ ጮክ ብላ ጠየቀችው።

«ምነው ሳትነግረኝ፣ የኔ ጌታ?»

ማዳመጫውን ከአንገቷ ቀስ ብሎ አውልቆ ትራሱ ሥር ሸጎጠው።

«በዚህ ጉዳይ ማብራሪያ አልሰጥም» አለ፣ እንደ ቅድሙ ጉሮሮውን ጠርጎ።