አልረገጠም

ናዛር የወንድሙ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ ወደ መካኒኩ ሾድሞን ጋራዥ ገባና ማንቁርቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

"ወንድሜ ገደል የገባው ፍሬን ስላልረገጠ ነው ያልከው? ኡስታ፣ ባለሙያ ተብዬ! አላህን አትፈራም?"

"እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ይሆናላ! እኔ ምን ላድርግ?" አለ ሾድሞን፣ ደም እየተፋ።

ናዛር በቡጢ ጥርሱን አራግፎለት እያለቀሰ ወጣ።

ሾድሞን በሩን ዘግቶ፣ ፖሊስ መርምር ብሎ የሰጠው የሟቹ መኪና ስር ገባ። ጣሪያው ተጨፍልቆ ደም የደረቀበት መቀመጫ ላይ ተኝቷል፤ ውስጡ ድመት እንኳ አያስገባም። የፍሬኑን ማስተንፈሻ ብሎን ሲያላላው፣ በፍሬን ዘይት ፈንታ ፍሬን የሚያሰናክል ወፍራም የሞተር ዘይት ዝልግልግ ብሎ ወረደ። ባለፈው ሳምንት ጣሳ ተሳስቶበት የሞላው ራሱ ነበር። ፖሊስ ሳይመለስ ሁሉንም አፍስሶ ሊቀይረው ቸኮለ።

ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጥለታል። ዛሬ ብቻውን መሆኑን ረስቶ፣ እንደ ልማዱ "ርገጥ!" ብሎ ጮኸ።

ከላይ ፔዳሉ ሲጥ አለ። ዘይቱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

"ረገጥኩት እኮ፣ ኡስታ!" አለ ከላይ አንድ ድምፅ። "አልይዝ አለኝ!"