የቡችላው ጆሮ

አሥር አለቃው ቡችላውን በጉልበቶቹ መሀል አጥብቆ ይዞ ሁለተኛውን ጆሮ ሊቆርጥ ሲል ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። የመጀመሪያው ጆሮ ፍም ላይ ይጠበስ ነበር። የገዛ ጆሮውን የበላ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል፣ ጅብም አይደፍረውም ይባላል በአገሩ። የቡችላው ጩኸት ነገሌ ጦር ሰፈርን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶታል።

«ተወው እባክህ! ምን አደረገህ?»

«አሁን ይሄ ምን ያስጮህሻል? ቦረናዎቹስ የከብታቸውን ጆሮ ይሰነጥቁ የለም እንዴ?»

«እነሱ ስለሰነጠቁ እሱን አያመውም?»

«እኛ እንዲህ ነው ያደግነው! እኔንም አባቴ በአለንጋ እየገረፈ ነው ሰው ያደረገኝ። ልቀቂኝ!»

ክንዱን መንጭቆ ቆረጠው። ከተጋቡ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ የምትሰማው መልስ ይኸው ነው። በምን አፍ ታስረዳው?

አሥር አለቃው ቡችላውን ለቀቀና የተጠበሰውን ጆሮ ወረወረለት። ቡችላው አሽትቶ ዋጠው። ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ መጣና በደም የተነከሩ የጌታውን ጣቶች ይልስ ጀመር።

ባልየው ሳቀ። «አየሽ? ቂም እንኳ አልያዘብኝም።»

«አንተስ በአባትህ መቼ ያዝክ?» አለችው።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቡችላው መላሱን አላቆመም።